የንግድ ምልክትን በአውሮፓ ኅብረት ማስመዝገብና ጸንቶ እንዲቆይ ማድረግ፦ ላኪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በሀገር ውስጥ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ጥበቃ የሚያገኘው በሀገር ውስጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተመዘገበ ምልክት ባለቤቱን በኢትዮጵያ ገበያ የብቸኛ ተጠቃሚነት መብት ያጎናጽፈዋል። ይሁን እንጂ ቡናው፣ ቅመማ ቅመሙ፣ የቆዳ ውጤቱ ወይም አልባሳቱ ሐምቡርግ ወይም አንትወርፕ ወደብ ሲደርስ ይህ ምዝገባ በራሱ ከለላ አይሆነውም። በአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት መብት የሚገኘው በምዝገባ በመሆኑ፣ ስሙን ቀድሞ ያስመዘገበ ሌላ ሰው ዋናውን አምራች ከገበያ ሊያግደው ይችላል። ሀገራችን ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስሞች በውጭ ሀገራት የንግድ ምልክት ጥበቃ ለማግኘት የተንቀሳቀሰችውም ስም ራሱን የቻለ ሀብት በመሆኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ ወደ አውሮፓ ምርት የሚልኩ ወይም ለመላክ በዝግጅት ላይ ያሉ ተገልጋዮች የምዝገባውን ሂደትና ከምዝገባ በኋላ የሚጠበቅባቸውን ግዴታ እንዲረዱ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የምዝገባው ወሰን

የምዝገባ ሥራውን የሚያከናውነው በስፔን አሊካንቴ ከተማ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። በአንድ ማመልከቻ የሚገኝ ምዝገባ በ27ቱም አባል ሀገራት ይጸናል። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ስላልሆኑ በዚህ ምዝገባ አይካተቱም። ዩናይትድ ኪንግደምም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ወዲህ ከወሰኑ ውጭ ናት። በእነዚህ ሀገራት ጥበቃ የሚፈልግ አመልካች ለየብቻ ማመልከት ይኖርበታል።

ምዝገባው የማይነጣጠል ነው። ምልክቱ በአንድ አባል ሀገር ቋንቋ የምርቱን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚገልጽ ቃል ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻው በሁሉም ሀገራት ውድቅ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አመልካቹ በሦስት ወራት ውስጥ በመጠየቅ፣ እንቅፋት በሌለባቸው ሀገራት ማመልከቻውን ወደ ብሔራዊ ማመልከቻ ማስቀየር ይችላል።

ከማመልከት በፊት

አንደኛ፣ ተመሳሳይ ምልክት አስቀድሞ መመዝገቡን ማጣራት ያስፈልጋል። ለዚህም ጽሕፈት ቤቱ በድረ ገጹ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የፍለጋ አገልግሎት መጠቀም ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የምልክቱን ዓይነት መወሰን ይገባል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም በቃል ምልክትነት ሊቀርብ ይችላል። በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ግን የሚቀርበው በምስል ምልክትነት ነው። ምልክቱ ከተመዘገበ በኋላ እንዳሻ መለወጥ ስለማይቻል፣ በማሸጊያ ላይ በትክክል የሚውለውን ቅርጽ ማቅረብ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ምርቱ ወይም አገልግሎቱ በዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ የሚገኝበትን ምድብ መለየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ቡናና ቅመማ ቅመም በምድብ 30፣ አልባሳት በምድብ 25፣ የቡና ቤት አገልግሎት ደግሞ በምድብ 43 ይመደባሉ።

አራተኛ፣ ማመልከቻው በምልክቱ ባለቤት ስም መቅረቡን ማረጋገጥ ይገባል። ምልክቱን አውሮፓ ባለው አከፋፋይ ወይም ወኪል ስም ማስመዝገብ ግንኙነቱ የተቋረጠ ዕለት ከፍተኛ ጉዳት ያስከትላል። ሕጉ ያለ ፈቃዱ በወኪሉ ስም የተመዘገበበት ባለቤት ምልክቱ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ክርክሩ ግን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

ማመልከቻና ክፍያ

ማመልከቻው በማንኛውም የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ ሊቀርብ ይችላል። ሁለተኛው ቋንቋ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከጀርመንኛ፣ ከጣሊያንኛና ከስፓኒሽ አንዱ መሆን አለበት። ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ የሚገኝ አመልካች ማመልከቻውን ራሱ ማስገባት ቢችልም፣ ቀጣዩን ሂደት የሚያስፈጽምለት በዚያ የመወከል ሥልጣን ያለው ጠበቃ ወይም ባለሙያ መወከል ግዴታው ነው።

በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚቀርብ ማመልከቻ የአንድ ምድብ ክፍያ 850 ዩሮ ነው። ለሁለተኛው ምድብ 50 ዩሮ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ ምድብ 150 ዩሮ ይጨመራል። ስለሆነም በሦስት ምድቦች የሚያመለክት ሰው 1,050 ዩሮ ይከፍላል። የውክልና አገልግሎት ዋጋ በዚህ ውስጥ አይካተትም። ክፍያው ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ መፈጸም ያለበት ሲሆን፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ተመላሽ አይደረግም።

ምርመራና ተቃውሞ

ጽሕፈት ቤቱ ምልክቱ ለመመዝገብ ብቁ መሆኑን መርምሮ ማመልከቻውን ያሳትማል። ከኅትመቱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ቀደምት መብት አለኝ የሚል ወገን 320 ዩሮ ከፍሎ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ተቃውሞ ካልቀረበ ምልክቱ ይመዘገባል።

ጽሕፈት ቤቱ ከነባር ምልክት ጋር መመሳሰልን ምክንያት አድርጎ በራሱ አነሣሽነት ማመልከቻ እንደማይከለክል ማወቅ ይገባል። ይህም ማለት አንድ ላኪ ምልክቱን ካስመዘገበ በኋላ ሌሎች የሚያቀርቧቸውን ተመሳሳይ ማመልከቻዎች መከታተልና በሦስቱ ወራት ውስጥ መቃወም የራሱ ኃላፊነት ነው።

ከምዝገባ በኋላ

ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመታት ይጸናል፤ በየ10 ዓመቱም ያለ ገደብ ሊታደስ ይችላል። በሀገራችን ምዝገባ የሚጸናው ለ7 ዓመታት በመሆኑ ሁለቱ ቀናት ሊምታቱ አይገባም። የእድሳት ጥያቄ የሚቀርበው ጊዜው ከማብቃቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ነው። ይህ ካለፈ የ25 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ እየተከፈለ በቀጣዮቹ 6 ወራት ማደስ ይቻላል። ጽሕፈት ቤቱ ማስታወሻ ቢልክም፣ ማስታወሻው ባለመድረሱ ተጠያቂ አይሆንም።

ምልክቱ ከተመዘገበ በኋላ በተከታታይ 5 ዓመታት በኅብረቱ ገበያ በእውነት ሥራ ላይ ካልዋለ ማንኛውም ሰው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። በባለቤቱ ፈቃድ በአስመጪው በኩል የተፈጸመ ሽያጭም እንደ ባለቤቱ አጠቃቀም ይቆጠራል። ስለሆነም ቀን ያለባቸውን የሽያጭ ደረሰኞች፣ የማሸጊያ ናሙናዎችና ማስታወቂያዎች በየዓመቱ ሰብስቦ መያዝ ያስፈልጋል።

የተመዘገበ ምልክት ባለቤት አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች ድንበር ላይ እንዲያዙ ለአባል ሀገራት የጉምሩክ ባለሥልጣናት ማመልከት ይችላል። ይህ ጥያቄ ቢበዛ ለአንድ ዓመት የሚጸና ሲሆን ሊታደስ ይችላል።

ጥንቃቄ

ማመልከቻ ታትሞ ከወጣ በኋላ ይፋዊ መስለው የ«ምዝገባ» ወይም የ«እድሳት» ክፍያ የሚጠይቁ አሳሳች ደብዳቤዎች ለአመልካቾች ይላካሉ። ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ የክፍያ ደረሰኝ አይልክም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የደረሰው ተገልጋይ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ከሕጋዊ ወኪሉ ወይም ከጽሕፈት ቤቱ ይፋዊ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይኖርበታል።