ቀዳዳው ስለገጠመ ጎማው ልክ ነው ማለት አይደለም

የመኪና ጥገና የምትማሩም ሆናችሁ በሹፍርና እንጀራችሁን የምታበስሉ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ጁባ ማላኪያ ላይ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ብትቆጥሩ አብዛኛው ቶዮታ ነው። ብዙዎቹም በኡጋንዳ በኩል የገቡ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ ናቸው። የፋብሪካውን ቸርኬ አስወልቀው ሰፋ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ያሰሩም አይጠፉም። ያምራል፣ አይካድም። ግን ልኩ ነው ወይ?

"ይኸው ገጠመ" ብሎ የሚያሰናብታችሁ ሰው ያየው የብሎኑን ቀዳዳ ብቻ ነው። ለምሳሌ ፕራዶና ሃይሉክስ ስድስት ብሎን አላቸው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የኒሳን ፓትሮልም የሚትሱቢሺ ፓጄሮም ልክ እንደዚሁ ነው። ታዲያ የፓጄሮን ቸርኬ ለፕራዶ ብትሞክሩ አይገባም፤ የመሐሉ ቀዳዳ 67 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፕራዶው እምብርት ግን 106 ነው። የፓትሮሉ ደግሞ 110 ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል። አሳሳቹ ይሄ ነው፤ በዙሪያው ክፍተት ስላለ ቸርኬው መሐሉን ስቶ ከታሰረ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሸክሙም ብሎኖቹ ላይ ይወድቃል።

ዳዶውንም አትናቁት። የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው። ብዙው የቶዮታ ፋብሪካ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ጠፍጣፋ መቀመጫና ሮንዴላ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው። አንዱን በሌላው ቦታ ካሰራችሁ ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል እንጂ በደንብ አይቀመጥም፤ እየላላ ሄዶ ጎማው መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ትክክለኛውም ቢሆን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቅ።

ቀጥሎ ኦፍሴት የሚባለው አለ። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚጣበቅበት ፊት ከቸርኬው እኩሌታ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ላይ "ኢቲ" ተብሎ ይጻፋል። ባለ 30 አውልቃችሁ ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ ባለ 0 ብታስሩ እያንዳንዱ ጎማ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ሲታጠፍ ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል፣ ጭቃውን በሩ ላይ ይረጫል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል።

ጎማው ላይ 265/70 አር 16 የሚል ካያችሁ፣ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ኢንች ነው። ሲሰላ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 265/65 አር 17 ደግሞ 776 ነው፤ ስለዚህ ቸርኬው ቢያድግም የጎማው ቁመት አልተለወጠም ማለት ነው። 285/75 አር 16 ብታስገቡ ግን 834 ይደርሳል። መኪናው የሚነሣው 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ቆጣሪው 80 ሲላችሁ በእውነቱ የምትነዱት 86 ገደማ ነው። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው በመንገዱ ምክንያት ነው። ከጁባ ኒሙሌ ያለው 192 ኪሎ ሜትር በ2012 እ.ኤ.አ. አስፋልት ሆኖ ተጠናቀቀ። በኮረኮንች በዝግታ ሲነዳ ተደብቆ የነበረ ጉድለት በ100 ፍጥነት ላይ ራሱን ያወጣል።

አሁን ወደ አላይመንት እንምጣ። ቴስቲኒው ወይም ኩሽኔታው እየተወዛወዘ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ ነቅንቁት፣ የላላውን ቀይሩ፣ ንፋሱን አስተካክሉ። ሞላ ለውጣችሁ መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁም አላይመንቱ እንደገና መሠራት አለበት።

ማሽን ከሌለስ? ቢያንስ የፊት ጎማዎቹ ትይዩ መሆናቸውን በጠመኔና በሜትር ማየት ይቻላል። ጎማውን አንሥታችሁ እያሽከረከራችሁ መሐሉ ላይ በጠመኔ ዙሪያውን አስምሩ። አውርዳችሁ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደፊት ግፉት። ከዚያ በእምብርቱ ከፍታ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለኩ። ለብዙ መኪና የፊቱ ከኋላው እኩል ወይም እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆን ደህና ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ካለ ግን እሱን እመኑ። ካምበርና ካስተር የሚባሉትን፣ ማለትም ጎማው ወደ ጎን የሚያጋድልበትንና መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን ልክ፣ በዓይን አትገምቱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ሁልጊዜ ስለሚገርመኝ። አስፋልት ውኃው እንዲወርድ ወደ ዳር ያዘቀዝቃል። ኡጋንዳ በግራ ስለሚነዳ አንዳንድ ባለሙያ መኪናው ወደ ግራ እንዳይወርድ ካስተሩን በትንሹ ወደ ቀኝ እንዲስብ አድርጎ ያስተካክለዋል። ያ መኪና ጁባ መጥቶ በቀኝ ሲነዳ መንገዱም ካስተሩም አንድ ላይ ወደ ቀኝ ይስቡታል። ሹፌሩ ጎማ ቢቀያይርም አይለቀውም። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣላችሁ ገንዘብ ከማስወጣታችሁ በፊት ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ ንዱት፤ እዚያም የሚስብ ከሆነ ጥፋቱ የመንገዱ ብቻ አይደለም፣ ካስተሩን አስለኩ።