ምትክ ስልክ ስንመርጥ፦ በሁምቦ ከካሜራው በፊት የሚታየው

ስልክ ሲሰበር፣ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲደክም ምትክ መፈለግ ዛሬ ተራ ጉዳይ መስሏል። ዋጋውን ስናስብ ግን ተራ አይደለም። በአገራችን አብዛኛው የሞባይል ደንበኛ የቅድመ ክፍያ ተጠቃሚ ነው፤ ካርድ ሞልቶ ወይም ጥቅል ገዝቶ ይጠቀማል እንጂ ስልኩን ከኦፕሬተሩ በውል ወስዶ በየወሩ እየከፈለ የሚጨርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ የስልኩን ሙሉ ዋጋ በአንድ ቀን ከኪሱ ያወጣል፤ ምርጫው ካልሰመረም ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው። ይህ ገንዘብ በሁምቦ ወረዳ ለሚኖር ቤተሰብ ገበያ ወጥቶ የተሸጠ ፍየል ወይም ለተማሪ ልጅ የተቀመጠ የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል።

ገዢና ሻጭ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የሚነሡት የካሜራው ሜጋፒክሰል፣ የማኅደረ ትውስታው መጠንና የመስታወቱ ስፋት ናቸው። እነዚህ ሁሉ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ስልክ ከሁሉ አስቀድሞ ሬዲዮ ነው። ጠበላ ከተማ ላይ ወይም ከከተማው ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ስልኩ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው፣ በውስጡ ያለው ሬዲዮ የትኞቹን የሞገድ ባንዶች መስማትና ማሰማት እንደሚችል ነው። ይህ ደግሞ በካርቶኑ ላይ በጉልህ አይጻፍም።

የሬዲዮ ሞገድ ርዝመት የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ በማካፈል ይገኛል። በ900 ሜጋኸርዝ የሚተላለፍ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በ1800 ሜጋኸርዝ ወደ 17፣ በ2100 ደግሞ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። በኢትዮጵያ የ2ጂ አገልግሎት በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ የተመሠረተ ነው። 3ጂ በዋናነት 2100ን ይጠቀማል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም 4ጂ ደግሞ ባለሙያዎች «ባንድ 3» በሚሉት በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ የቆመ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በአጋጣሚ የተመረጡ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት የሬዲዮ ክልሎች ከፍሏል፤ አፍሪካ፣ አውሮፓና ዐረብ አገሮች በአንደኛው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ በሁለተኛው ናቸው፤ በዚያም የ2ጂ አገልግሎት በብዛት የተዘረጋው በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ነበር። የአሜሪካ 4ጂም እኛ ዘንድ የማይሠራባቸውን እንደ 600 እና 700 ሜጋኸርዝ ያሉ ባንዶች በስፋት ይጠቀማል። በዚህ ምክንያት ከደቡብ አፍሪካ ወይም ከሳውዲ ዐረቢያ ዘመድ የላከው ስልክ በባንድ ረገድ እምብዛም አያስቸግርም፤ ከአሜሪካ የመጣው ግን መመርመር አለበት።

በተለይ በአሜሪካ የቅድመ ክፍያ ኦፕሬተሮች በርካሽ የሚሸጧቸው ስልኮች ሁለት ችግር ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው መቆለፍ ነው። ኦፕሬተሩ ስልኩን ከዋጋው አሳንሶ የሚሸጠው ደንበኛው በእርሱ መስመር እንዲቆይለት በመሆኑ፣ ስልኩ ሌላ ሲም እንዳይቀበል በሶፍትዌር ያስረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ሲም ውስጥ የአገሩንና የኦፕሬተሩን ማንነት የሚገልጽ ቁጥር አለ፤ የኢትዮጵያ 636 ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ ኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 02 ናቸው። የተቆለፈው ስልክ ይህን ቁጥር አንብቦ ከተፈቀደለት ጋር ካልገጠመ አልሠራም ይላል። ይህ ችግር ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል። መክፈቻውም ስልኩ ከአሜሪካ ሳይወጣ፣ በገዛው ሰው በኩል ኦፕሬተሩን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ችግር ስውር ነው። ዛሬ የሚመረቱ አብዛኞቹ ስልኮች አራቱንም የ2ጂ ባንዶች ስለሚያውቁ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውም ስልክ ሲም ሲገባበት ይደውላል፣ መልእክትም ይልካል። ገዢው «ይሠራል» ብሎ ይከፍላል። ነገር ግን ለዚያ ገበያ ብቻ የተሠራው ርካሽ ሞዴል ባንድ 3ን ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ 4ጂ የሚል ጽሑፍ በመስታወቱ ላይ ፈጽሞ አይታይም፤ ባለቤቱም ኔትወርኩን እየወቀሰ ይኖራል። ጎረቤቱ በዚያው ግቢ ተቀምጦ የፈተና ውጤቱን ከኢንተርኔት ሲያወርድ የእርሱ ስልክ ገጽ ሳይከፍት ይውላል። በአንድ ስም የሚሸጡ ስልኮች በየገበያው የተለያየ ሬዲዮ እንደሚገጠምላቸው ብዙ ሰው አያውቅም። ለምሳሌ በአሜሪካ የሚሸጠው የሳምሰንግ ስልክ የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ አካባቢ «ዩ» የሚለውን የላቲን ፊደል ይይዛል፤ ለሌሎች አገሮች የሚሠራው ወንድሙ ሌላ ፊደል አለው። ስለዚህ የሚፈለገው የንግድ ስሙ ሳይሆን ሙሉው የሞዴል ቁጥር ነው፤ በእርሱ የአምራቹን የባንድ ዝርዝር ማግኘት ይቻላል።

የስልኩን ማንነት በሌላ መንገድም ማወቅ ይቻላል። *#06# ብንጽፍ 15 አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የሞዴሉ ሲሆኑ ቀጣዮቹ 6 የዚያ ስልክ ብቻ ናቸው። የመጨረሻው አኃዝ ማረጋገጫ ነው፦ ከመጀመሪያዎቹ 14 አኃዞች በ2ኛ፣ በ4ኛ፣ በ6ኛ እያለ እስከ 14ኛ ቦታ የተቀመጡትን በሁለት እናባዛለን፤ ብዜቱ ባለ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን አኃዞች እንደምራለን፤ ከዚያ ሁሉንም ከቀሩት ጋር ስንደምር ድምሩን ወደ ቀጣዩ የአሥር ብዜት የሚያደርሰው ቁጥር 15ኛው አኃዝ ይሆናል። 49015420323751 ድምሩ 52 ነው፤ ስለዚህ ማረጋገጫው 8 ነው። ሻጩ ዋጋ ሲያሰላ ይህን በወረቀት ጠርዝ ላይ መሞከር ይቻላል። በመስታወቱ ላይ የታየውና በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር የማይገጥሙበትን ስልክ እኛ አንገዛም።

ባንዶቹ ሁሉ ቢኖሩም ሁሉም በየቦታው እኩል አይደርሱም። የሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ሁምቦን አቋርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። በመካከል ኮረብታና ሸለቆ ይፈራረቃሉ። ረዥም ሞገድ የኮረብታ ጫፍን ዞሮ ከኋላው ወዳለው ጥላ የመታጠፍ ችሎታው ከአጭር ሞገድ ይበልጣል። ይህ በፊዚክስ ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ሲያልፍ የምናየው ክስተት ነው፤ እዚህ ግን ስንጥቁን የሚተካው ኮረብታ ነው። ቅጠልም የራሱ ድርሻ አለው። የሁምቦ ተራራ ተመንጥሮ ከቆየ በኋላ 2,728 ሄክታር የሚሆነው መሬት በነዋሪዎች ጥበቃ ከጉቶው አቆጥቁጦ መልሶ በደን ተሸፍኗል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል። ውሃ የያዘ ቅጠል ሞገድን ይበትናል፣ ይውጣልም፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ መጠን ብክነቱ ይጨምራል። ለደኑ ስንል ይህችን ብክነት በደስታ እንቀበላለን። ስልኩ ግን 900 ሜጋኸርዝን በ2ጂም በ3ጂም የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ስልካችን የሚደርሰው ኃይል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቁጥር እንመልከት። አብዛኞቹ ስልኮች በቅንብራቸው ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል የሲም ሁኔታን ሲያሳዩ የምልክቱን ጥንካሬ በዲቢኤም ይገልጻሉ። ዜሮ ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው፤ በየ10ሩ ቅናሽ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከዜሮ በታች 70 ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በታች 110 ሲሆን ኃይሉ የዚያ አሥር ሺህኛ ሆኗል ማለት ነው። ስልኮችን ስናወዳድር በእነዚያ አራት ወይም አምስት መስመሮች ፈንታ ይህን ቁጥር ብናይ ይሻላል፤ መስመሮቹን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መለኪያ ነው የሚሥላቸው። ነገር ግን 2ጂን ከ2ጂ፣ 4ጂን ከ4ጂ ጋር ብቻ እናወዳድር፤ ሁለቱ የሚለኩት በተለያየ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ገዢዎችን ብዙ ጊዜ ይጎዳል። በሶዶ ሱቅ ውስጥ ማማው ቅርብ ነው። በዚያ ደካማ አንቴና ያለው ስልክም፣ መስታወቱ ሲቀየር የአንቴናው ሽቦ ተነቅሎ የቀረበትም፣ ጤነኛውም እኩል ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ከማማው ርቀን ስንሄድ ነው። ስለሆነም ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ ሁለት ሦስት ቀን የመመለሻ ጊዜ ቢከራከር ይጠቀማል፤ በእነዚያ ቀናትም ስልኩን ቤቱ ወስዶ፣ የራሱን ሲም አስገብቶ፣ ከአሮጌው ስልክ ጎን አስቀምጦ ይለካ።

የባትሪ ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚደውል የ2ጂ ስልክ ማማው ሲቀርበው ጉልበቱን እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲርቀው በየማስተላለፊያው ቅጽበት እስከ 2 ዋት ይጮኻል። ልዩነቱ ስድስት መቶ እጥፍ ያህል ነው። በከተማ ሁለት ቀን የሚቆይ ባትሪ በገጠር በአንድ ቀን የሚያልቀው በከፊል በዚህ ነው። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ በ3.85 ቮልት 19 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይይዛል። መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ለዚህ ጉልበት የሚከፈለው ተጨማሪ ብር ለአራተኛ ካሜራ ከሚከፈለው ይሻላል። ያገለገለ ስልክ ባትሪ በቆላ ሙቀት ፈጥኖ እንደሚያረጅም ማሰብ ይገባል።

ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ቁጥሮች ይዟል። ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ለቅድመ ክፍያ ደንበኛ ምቹ ነው፤ የአንዱ ጥቅል ሲረክስ ወደዚያ ይዞራል። ሆኖም በአብዛኞቹ ስልኮች ሁለቱ ሲሞች አንድ ሬዲዮ ይጋራሉ፤ በአንዱ ስንነጋገር ሌላው አይገኝም። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ደግሞ ሁለተኛው ቦታ ከ2ጂ አያልፍም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡ አዳዲስ አይፎኖች፣ ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ማለታችን ነው፣ የሲም ማስገቢያ ጭራሹን የላቸውም። ኢሲም በአቅራቢያው ባለው የአገልግሎት ማዕከል መሰጠቱን ሳያረጋግጥ ማንም እንዲህ ያለ ስልክ አያስልክ።

ስለ 5ጂ አጭር ቃል። በአገራችን በአዲስ አበባ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የ3500 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ኮረብታን ዞሮ መታጠፍ አይሆንለትም። ለሁምቦ ገጠር ነዋሪ በ5ጂ ምክንያት የተጨመረ ዋጋ ለጊዜው የሚመለስ አይመስለንም።

የተቸገረ ሰው ደግሞ ስማርት ስልክ እስኪገዛ ድረስ አሮጌውን ባለ ቁልፍ ስልክ አይጣል። የቴሌብር *127# የሚሄደው በኢንተርኔት ሳይሆን በ2ጂ የምልክት መስመር ነው፤ ስለዚህ በዚያ ስልክም ገንዘብ መላክና መቀበል ይቻላል። ቀሪ ሂሳቡም ያለው በኦፕሬተሩ መዝገብ እንጂ በስልኩ ውስጥ ስላልሆነ፣ ሲሙን ወደ አዲሱ ሲያዛውር አንዲት ሳንቲም አትጎድልበትም። የሚጠፋው በስልኩ ላይ ብቻ የተመዘገበ የሰዎች ቁጥር ነው፤ እርሱን አሮጌው ሳይሞት መገልበጥ ያስፈልጋል።