አብሽና የስኳር መድኃኒት፦ አብሮ ይሄዳል ወይ?

«ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ አብሽ ብጠጣስ?» የስኳር መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። የፋርማሲ ባለሙያ እንደመሆኔ መልሴ ይኸው፦ በምግብ መጠን ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ችግር የለውም፤ መድኃኒት ለሚወስድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የአብሽ ዱቄት ተዘፍዝፎ ሲያድር ያብጣል፣ ይዝለገለጋል። ይህ ዝልግልግ ነገር አንጀት ውስጥ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ከደም ስኳር ጋር የተያያዘው ጥቅሙም ስጋቱም በከፊል ከዚሁ ይነሳል።

🔸 ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፦ ስኳራችሁ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልባችሁ በፍጥነት ከመታ፣ ስኳራችሁን ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ውሰዱ።

🔸 ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ የመድማት አደጋን ሊጨምር ስለሚችል ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

🔸 ነፍሰ ጡሮች፦ ምግብ ውስጥ በቅመምነት ከሚገባው አትለፉ።

🔸 ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማችሁ፦ አብሽም የእነሱ ዘመድ ነው፤ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል።

🔸 የሚዋጥ መድኃኒት ካላችሁ፦ ከአብሹ በ2 ሰዓት አራርቁት።

የተመታ አብሽ ላይ የሚጨመረውን ማርም አትርሱ፤ ስኳር ላለበት ሰው ማርም ስኳር ነው። ላባችሁ ወይም ሽንታችሁ አብሽ አብሽ ቢሸት ግን አትደንግጡ፤ ያለ ነው።

አብሽ ጀመርን ብላችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ለሐኪማችሁ «አብሽ እጠጣለሁ» ብላችሁ መጠኑን ጭምር ንገሩ።