አልከፍት ያለ ፋይል ሁሉ ተበላሽቷልን?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ደምበጫን ያለፈ መንገደኛ በመጀመሪያ ጅጋን፣ ቀጥሎ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያም ቡሬን ያገኛል። በእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ ዘፈንና መዝሙር፣ ፊልምና የትምህርት ቪዲዮ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ሚሞሪ ካርድ፣ ፍላሽ፣ እንዲሁም እንደ ዜንደር ያሉ ከስልክ ወደ ስልክ የሚልኩ ፕሮግራሞች ሰፊ ድርሻ አላቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜማ ለአብዛኛው ተጠቃሚ የቀሩት መንገዶች እነዚሁ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የፋይሉ ጉዞ ሁልጊዜ በሰላም አይጠናቀቅም። በአንዱ ስልክ ላይ ያለችግር ይታይ የነበረው ፊልም በሌላው ላይ ድምፅ አልባ ይሆናል። ከውጭ ሀገር በቴሌግራም የመጣው የልጅ ድምፅ ወደ እናት ባለቁልፍ ስልክ ሲገለበጥ አልከፍት ይላል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱን ተከትሎም ፋይሉ ይሰረዛል፣ ካርዱ ፎርማት ይደረጋል፣ አንዳንዴም ስልኩ ይለወጣል። የሚጠፋው ፊልም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በዚያው ካርድ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌለ አባት ድምፅ ወይም የሠርግ ቪዲዮ ሊኖር ይችላል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነጥብ ማስረዳት ነው፤ ይኸውም አልከፍት ያለ ፋይል ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን አስተርጓሚ ያጣ ፋይል መሆኑን ነው። ግእዝ ያልተማረ ሰው የብራና መጽሐፍ ቢገለጥለት ማንበብ አይችልም፤ ብራናው ግን አንዳች አልጎደለበትም። ይኸው ሐሳብ ስልክን በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራውን ኢሙሌተር የተባለ ፕሮግራም ለመረዳትም ይጠቅመናል፤ እርሱም በሥራው አስተርጓሚ ነውና።

ለመሆኑ በፋይሉ ውስጥ ምን አለ?

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚፈራረቁ ሥዕሎች ማለት ነው። ወርዱ 1280፣ ቁመቱ 720 ነጥቦች የሆነና በሴኮንድ 25 ሥዕሎች የሚያሳይ ቪዲዮ እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት ብንመድብ በሴኮንድ 553 ሚሊዮን ያህል ቢት ያስፈልገናል። በዚህ ስሌት የ90 ደቂቃ ፊልም ወደ 373 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ይህም ከ46 በላይ ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶችን ይሞላል። ስለዚህ ቪዲዮው የግድ መጨመቅ አለበት። የሚጨምቀውና በኋላም መልሶ የሚፈታው የስሌት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ከዘዴዎቹ ዋነኛው፣ ከአንዱ ሥዕል ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ የተለወጠውን ብቻ መመዝገብ ነው።

በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የምናያቸው ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይና 3ጂፒ የሚሉት ምልክቶች ግን የኮዴክ ስሞች አይደሉም፤ የመያዣው ስሞች ናቸው። አገልግልን ከውጭ አይተን በውስጡ ያለው ዶሮ ይሁን ሽሮ ማወቅ እንደማንችል ሁሉ፣ ኤምኬቪ የሚለውን ስም በማየት ብቻ ስልካችን ፊልሙን ማጫወት ይችል እንደሆነ መናገር አንችልም። ሁለት ኤምኬቪ ፋይሎች ፈጽሞ የተለያዩ ኮዴኮችን ሊይዙ ይችላሉ። የፋይሉን ስም ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መለወጥም አገልግሉን ቀለም እንደ መቀባት ነው፤ ውስጡን አይለውጠውም።

ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው የቪዲዮ ኮዴኮች መካከል ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ተተኪው ኤች 265 በ2013፣ ኤቪ1 ደግሞ በ2018 ወጡ። ኤች 265 ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ሥዕል በኤች 264 ግማሽ ያህል መጠን ሊይዝ ይችላል። በሴኮንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት የሚወስድ የ90 ደቂቃ ፊልም 1 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ በግማሹ ሲጨመቅ 506 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ከመጀመሪያው ዓይነት 7፣ ከሁለተኛው 15 ፊልሞች ይይዛል። ፊልም ለሚያስጭን ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአዲሱ ኮዴክ በፊት የተሠራ ስልክ ሲያጋጥም ነው።

ምልክቱና መንስኤው

ስልኮች የታወቁ ኮዴኮችን የሚፈታ የራሳቸው ሰርኪዩት በማዕከላዊው ቺፕ ላይ አላቸው። ፋይሉ ለዚህ ሰርኪዩት የማይታወቅ ከሆነ ሥራው በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ሥዕሉም ይቆራረጣል። ስልክ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ በሚደረግበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ፋይሉ መከፈቱ ብቻ ሳይሆን በየትኛው መንገድ መከፈቱም ሊታሰብበት ይገባል። ሥዕሉ የሚቆራረጥ ወይም አረንጓዴ የሚሆን ከሆነ በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ የሃርድዌር መፍቻውን ወደ ሶፍትዌር፣ ወይም በተቃራኒው፣ መለወጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይጠቁማል።

ሥዕሉ እየታየ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በድምፅ ኮዴኩ ላይ ነው። በብዙ ፊልሞች ላይ ኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ የተባሉ የድምፅ ኮዴኮች ይገኛሉ። ኤምኤክስ ፕሌየር የተባለው ታዋቂ ማጫወቻ በፈቃድ ምክንያት እነዚህን ከዋናው ፕሮግራም ስላወጣቸው ተጠቃሚው ተጨማሪ ኮዴክ ለብቻው መጫን ይኖርበታል። ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል ብሎ ስልኩን ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት ያንኑ ፊልም በሌላ ማጫወቻ መሞከር ይበጃል።

በእርግጥ የተጎዳ ፋይልም አለ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ መሐል ላይ የተቋረጠ ፋይል መጠኑ ከዋናው ያንሳል፤ ሁለቱን መጠኖች ማነጻጸር በቂ ማስረጃ ነው። ስልክ እየቀረጸ ሳለ ባትሪው ካለቀ ደግሞ የኤምፒ4 ፋይሉ ማውጫ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ ማውጫው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ነውና። እንዲህ ያለው ቪዲዮ ጨርሶ ባይከፈትም ሥዕሉና ድምፁ በውስጡ አሉ። አንትራንክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዚያው ስልክ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮን እንደ አብነት ወስዶ ማውጫውን መልሶ ለመሥራት ይሞክራል።

ካርዱ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በፋት 32 ሥርዓት የተዘጋጀ ካርድ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ይህ የሥርዓቱ ወሰን እንጂ ብልሽት አይደለም። ከዚህ የከፋው 64 ጊጋባይት ነኝ እያለ በውስጡ 8 ብቻ ያለው ሐሰተኛ ካርድ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ የተጻፈበትን የተቀበለ ይመስላል፤ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ የመጣው ግን ይጠፋል። አዲስ ካርድ ሲገዛ፣ ምንም ሳይጫንበት፣ ኤች 2 ቴስት ደብልዩ ወይም ኤፍ3 በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች መፈተን ይቻላል።

የቆዩ ስልኮች ድምፆች

ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ፋይሎች ሁሉ በላይ በቆዩ ባለቁልፍ ስልኮች የተቀረጹት ናቸው። ብዙዎቹ ድምፅን ኤኤምአር በተባለ፣ ለንግግር በተዘጋጀ ኮዴክ ይመዘግቡ ነበር። በከፍተኛ ደረጃው በሴኮንድ 12,200 ቢት ብቻ ስለሚወስድ የአንድ ሰዓት ንግግር 5.5 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በሴኮንድ 128,000 ቢት የተቀረጸ ኤምፒ3 ግን ለዚያው ሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይፈልጋል። ትንሽነቱ ለዚያን ጊዜው ስልክ በረከት ነበር። ዛሬ ግን ኤኤምአርን የማያውቅ ማጫወቻ ሲያጋጥም ፋይሉ የሞተ ይመስላል። የቴሌግራም የድምፅ መልእክትም የሚቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃው በወጣለት ኦፐስ በተባለ ኮዴክ ነው፤ ኦፐስን የማያውቅ ባለቁልፍ ስልክ ሊያጫውተው አይችልም። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ዋናውን እንዳለ አስቀምጦ ሌላ ቅጂ በኤምፒ3 ማዘጋጀት።

የትኛውን ማጫወቻ እንምረጥ?

ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ የፓሪስ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከተጀመረ ፕሮጀክት የተገኘ ሲሆን ከ2001 ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ይሠራጫል። ማስታወቂያ የለውም፤ ብዙዎቹን ኮዴኮች በራሱ ይፈታል። ስለዚህ ለምርመራ ቀዳሚ ምርጫችን እርሱ ነው፤ ነገር ግን ቪኤልሲ የተጎዳ ወይም ያልተሟላ ፋይልንም ሊከፍት ስለሚችል በእርሱ መከፈቱ ብቻ ፋይሉ ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ኤምኤክስ ፕሌየር በበኩሉ በጣት ንክኪ ለመቆጣጠር ምቹ ነው፤ ነገር ግን ነጻው ዓይነት ማስታወቂያ ያሳያል።

የምርጫው ሌላ ሚዛን ደኅንነት ነው። ማጫወቻዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ በመንገድ ላይ ሌላ ነገር የተጨመረባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ማጫወቻ የሚያስፈልገው ፋይሎችን የማየት ፈቃድ ነው፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ ከጠየቀ ሊጠረጠር ይገባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ጭምር ሆኗል፤ የማረጋገጫ ቁጥሮች የሚመጡትም በአጭር መልእክት ነው።

ኢሙሌተር፦ ስልክ በኮምፒዩተር ውስጥ

ፈረንሳዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 ኤፍኤፍምፔግ የተባለውን የኮዴክ ስብስብ ጀመረ፤ ቪኤልሲን ጨምሮ ብዙ ማጫወቻዎች ዛሬ በዚህ ስብስብ ይጠቀማሉ። ይኸው ሰው በ2003 የአንዱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ወደ ሌላው የሚተረጉመውን ኪውኢኤምዩን አወጣ፤ የጉግል የአንድሮይድ ኢሙሌተር የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። አንዱ የተጨመቀ ሥዕልን፣ ሌላው የባዕድ ፕሮሰሰርን ቋንቋ ይተረጉማል።

የአብዛኞቹ ስልኮች ፕሮሰሰር አርም፣ የአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ኤክስ 86 የተባለውን የትእዛዝ ቋንቋ ይናገራል። እያንዳንዱን ትእዛዝ እየተረጎሙ መሄድ እጅግ ስለሚያዘገይ ኢሙሌተሮች ለኤክስ 86 የተዘጋጀ አንድሮይድ ያስነሳሉ፤ የኮምፒዩተሩንም ቨርቹዋላይዜሽን የተባለ ችሎታ ይጠቀማሉ። ኢሙሌተሩ ከተንቀራፈፈ ወይም አልነሳ ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ በፕሮሰሰሩ ገጽ ላይ መብራት አለመብራቱን ማየት ይቻላል፤ ካልበራ ከባዮስ ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል። አንድ አፕሊኬሽን አልጫን ካለ ደግሞ ለአርም ብቻ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ የጉግል ኢሙሌተር ከአንድሮይድ 11 ወዲህ እነዚህንም የሚተረጉም ክፍል አለው።

ምርጫውን የሚወስነው ዓላማው ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ተማሪ ከአንድሮይድ ስቱዲዮ ጋር የሚመጣው ኢሙሌተር ተገቢ ነው። ለጨዋታ እንደ ብሉስታክስ ያሉት ይቀላሉ። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ኮምፒዩተር ግን የምንመክረው ኢሙሌተርን ትቶ እውነተኛ ስልክን በኬብል ማገናኘት ነው፤ ኤስሲአርሲፒዋይ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የስልኩን ገጽ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሳያል። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ ፊልም በስልክ ላይ መሥራት አለመሥራቱን በኢሙሌተር መፈተን ያሳስታል። ኢሙሌተሩ የስልኩን የቪዲዮ ሰርኪዩት ስለማይዝ በእርሱ ላይ የተቆራረጠው በስልኩ ላይ ሊሠራ፣ በእርሱ የሠራውም በስልኩ ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

ከመሰረዝ በፊት

አንባቢያችን አልከፍት ያለ ፋይል ሲያጋጥመው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄድ እንመክራለን።

1. ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሌላ ካርድ መገልበጥ፤ መጠኑንም ከዋናው ጋር ማነጻጸር።
2. ቅጂውን በቪኤልሲ መሞከር።
3. በቪኤልሲ የኮዴክ መረጃ ወይም ሚዲያኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሥዕልና የድምፅ ኮዴኩን ማወቅ።
4. ስልኩ ኮዴኩን የማያውቅ ከሆነ ሀንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ኤች 264 እና ኤኤሲ፣ በኤምፒ4 መያዣ መለወጥ። በለውጡ ጥራት ስለሚቀንስ ዋናውን አለመሰረዝ።
5. ካርዱን ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ እንዳይሆን መጠንቀቅ።

ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የጠቀስናቸው የምርመራና የመለወጫ ፕሮግራሞች በአንድ ፍላሽ ላይ ይገባሉ፤ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለእረፍት ወደ ጅጋ፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ሌላው የገጠር ከተማ የሚመለስ ተማሪ ይህን ፍላሽ ይዞ ቢሄድ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጡት የቆዩ ስልኮች መካከል ገና የሚናገሩ እንዳሉ ማረጋገጥ ይችላል።