ቤትዎ በርቷል… ልብዎስ?

ገና ሲቃረብ ከተማችን መብራት በመብራት ትሆናለች። ሱቁ፣ ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሆቴሉ ሁሉ ብልጭ ድርግም በሚሉ አምፖሎች ያሸበርቃል። ወጣቱም ቢሆን ለዚህ ለዚህ ገንዘቡን አይሳሳም። የፕላስቲክ ጥዱን ይገዛል፣ ጥጡን እንደ በረዶ ይበትንበታል፣ ባለቀለም አምፖሉን ዙሪያውን ይጠመጥምበታል። ታዲያ አንድ ቀን ቆም ብለው «ይሄ ሁሉ መብራት ለምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? «ለማድመቂያ ነዋ!» እንዳይሉን ብቻ። ነገሩ ከማድመቂያ በፊት ትልቅ መልእክት ነበረው።

እስቲ ከታሪኩ እንነሳ። የሉቃስ ወንጌል እንደሚተርከው የልደቱ ብሥራት መጀመሪያ የደረሰው ሌሊት ሜዳ ላይ መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች ነው። ድንገት ዙሪያቸው በብርሃን ሲሞላ ግን ወዲያው ደስ አላላቸውም። እንዲያውም እጅግ ፈሩ። ማቴዎስ ደግሞ ከምሥራቅ የመጡትን ሰብአ ሰገል በኮከብ እየተመሩ ሲጓዙ ያሳየናል። ኮከብ ደግሞ መቼም የሚታየው ሲጨልም ነው። ዮሐንስ ግን ግርግሙንም፣ እረኛውንም አያነሳም። እሱ የሚያወራን ወደ ዓለም ስለመጣ ብርሃንና ብርሃኑን ሊያጠፋው ስላልቻለ ጨለማ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት 700 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ይህንኑ ምሳሌ ተጠቅሞበታል። በዚያ ዘመን ሕዝቡ የአሦር ጦር ያስጨነቀው፣ ጦርነት ያደቀቀው ነበር። ነቢዩ በምዕራፍ 9 ላይ በጨለማ ለሚሄደው ለዚህ ሕዝብ ብርሃን እንደሚወጣለት ከተናገረ በኋላ፣ እዚያው ዝቅ ብሎ ስለሚወለድ ሕፃን ያነሳል። እንግዲህ ብርሃንና ልደት የተጣመሩት ያኔ ነው።

በሰሜኑ የአውሮፓ ክፍል ይህን ምሳሌ ማንም ሰው ሳይነገረው ይረዳዋል። ለምን ቢሉ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስዊድኖች በዚያው ወር 13ኛ ቀን በቅድስት ሉሲያ ስም ራሷ ላይ የሻማ አክሊል የደፋች ልጃገረድ ይዘው በመዝሙር ይወጣሉ። ጀርመን አገርም በ1839 እ.ኤ.አ. ዮሐን ቪኸርን የሚባል ፓስተር በሐምቡርግ የሚያሳድጋቸው ልጆች «ገና መቼ ነው?» እያሉ ሲያስቸግሩት፣ በአንድ የእንጨት ጎማ ላይ ሻማ ደርድሮ በየቀኑ አንድ አንድ እያበራ ያስቆጥራቸው ጀመር። ዛሬ በብዙ አገር ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች የሚበሩት አራት ሻማዎች መነሻቸው ይህ ነው።

የእኛስ? አዲስ አበባ በዚያው ሰሞን 11 ሰዓት ተኩል ያህል የቀን ብርሃን ታገኛለች። ስለዚህ የእኛ ገና «ፀሐይ ናፈቀን» የሚባልበት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ደግሞ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምሳሌውን የምታስተምረው በራሷ መንገድ ነው። ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም ሊያበቃ ሲል፣ ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስት ሳምንታት የየራሳቸው ስም አላቸው። ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። በስብከት ነቢያት «ይመጣል» ብለው ማስተማራቸው ይታሰባል። በብርሃን ያ የጠበቁት ብርሃን እንዲላክላቸው መለመናቸው ይነሳል። ኖላዊ ደግሞ እረኛ ማለት ነው፤ የጠፋውን የሚፈልግ እረኛ!

ከዚያ ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ይደርሳል። ምእመኑ ነጠላውን ለብሶ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያሳልፋል። ላሊበላ የሄደ ሰው ደግሞ በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚቀርበውን «ቤዛ ኩሉ» ያያል። ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ሲያሸበሽቡ፣ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ተጣልተው የነበሩት ሰማይና ምድር ታረቁ ማለት ነው።

አሁን ጧፉን ልብ ይበሉ። ጧፍ ምንድን ነው? ሰም የተቀባ የጥጥ ክር ነው፤ በቃ! ግን ሌሊት ላይ አንዱ ካበራ ጎረቤቱ ጧፉን ዘንበል አድርጎ ከእሱ ይለኩሳል፣ ቀጣዩም እንዲሁ። ሰጪውን «የት ሠፈር ነህ? የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የለም። የሰጠውም ሰው እሳት አይጎድልበትም። መብራት በሄደ ጊዜ ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን ያስታውሱ። ቅድም በየክፍሉ ተበታትኖ የነበረው ቤተሰብ ሁሉ አንዲቷን ሻማ ከብቦ ይቀመጣል። ወሬ የሚጀመረውም ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳነው አንዲት የ27 ዓመት ወጣት የጻፈችልን ደብዳቤ ስላሳሰበን ነው። እናታቸው ካረፉ በኋላ በቀረው ቤት ሳቢያ ከታላቅ እህቷ ጋር ከተኳረፉ 4 ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ግን በአንድ ግቢ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ገና በመጣ ቁጥር በረንዳዬን በመብራት አንቆጠቁጠዋለሁ። እሷም በበኩሏ ታንቆጠቁጣለች። ጎረቤት ‹ግቢያችሁ እንዴት ያምራል!› ይለናል። የዶሮዋ ሽታ እኔ ቤት ድረስ ይመጣል። እኔ ግን ብቻዬን እበላለሁ። ባለፈው የ6 ዓመት ልጇ አጥር ሥር አግኝቶኝ ‹አክስቴ፣ እማዬ አንቺ ጋ እንዳልመጣ ከልክላኛለች፣ ለምንድን ነው?› አለኝ። ምን ልበለው? ዘንድሮ ቀድሜ ልሂድ እላለሁ። በሩን ብትዘጋብኝስ?»

እህታችን፣ የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ስለ ጨለማ ሲናገር ሌሊቱን ማለቱ አይደለም። ሌሊትማ ብሥራቱ የተሰማበት ሰዓት ነው! ጨለማ የሚለው ወንድምን መጥላትን ነው። «በብርሃን ነኝ» እያለ ወንድሙን የሚጠላ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እንኳ እንደማያውቅ ያስተምራል። አንቺ ግን መንገዱ የታየሽ ይመስለናል። የቀረሽ መነሳት ነው። ምክራችን እነሆ፦

አንደኛ፣ የበዓሉን ቀን አትጠብቂ። ቤቱ እንግዳ በሞላበት ሰዓት እርቅ አይሞከርም፤ እህትሽ የተሸነፈች ሊመስላት ይችላል። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማታ ሥራ ጋብ ሲል፣ ብቻሽን ሂጂ።

ሁለተኛ፣ የቤቱን ጉዳይ ይዘሽ እንዳትገቢ! እሱ የራሱ ቀን፣ የራሱ ሽማግሌ፣ ካስፈለገም የራሱ ሕግ አለው። እሷ ብታነሳው እንኳ «እሱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ አሁን አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት» በያት።

ሦስተኛ፣ ንግግር አታብዢ። «ናፍቀሽኛል፣ ዘንድሮ አብረን እንዋል» ይበቃል። ማን እንደበደለ መቁጠር ከጀመራችሁ አይነጋላችሁም።

አራተኛ፣ ልጁን መልእክተኛ አታድርጊው። ለጥያቄው «እኔና እናትህ ተኳርፈን ነው፣ ግን እወድሃለሁ» ብትይው እውነት ነው፣ እሱንም ይበቃዋል።

በሩን ብትዘጋብሽስ? ሊሆን ይችላል። 4 ዓመት በጨለማ የቆየ ዓይን ድንገት መብራት ሲበራበት ይወጋዋል። እረኞቹም እኮ መጀመሪያ ፈርተው ነበር። አትሳደቢ፣ አታልቅሺባት፣ ተመልሰሽ ግቢ። ከበዓሉ በኋላ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ወይም የንስሐ አባት ላኪባት።

እዚህ ላይ ሌሎች አንባብያን እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር እንበል። የሚደበድብ፣ የሚያስፈራራ ወይም የደፈረ ሰው ዘንድ «ገና ነውና ታረቁ» ተብሎ ብቻን አይኬድም። ይቅርታ በልብ ይጀመራል፣ መጠበቅና ለሕግ መንገር ግን ኃጢአት አይደለም። እንዲህ ያለውን በደል መደበቅ ነው ጨለማውን የሚያረዝመው።

የገና ጨዋታ ላይ ጌታም ቢሆን በአሽከሩ አይቆጣም ይባል የለ? እንግዲህ ለእህት ለእህት ምን ያንሳል? እህታችን፣ ሄደሽ የሆነውን ጻፊልን። ለሁላችሁም መልካም የገና በዓል!