መቀመጫው ይቀድማል፦ ስለ ጃፓን የአትክልት ስፍራ ተረትና እውነታ

የጃፓን ዓይነት የአትክልት ስፍራ እሠራለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዕቃው ነው። የድንጋይ ፋኖስ ይገዛል፣ ትንሽ ቀይ ድልድይ ያሠራል፣ ነጭ ጠጠር ያስጭናል። ሁሉም ተተክሎና ተደልድሎ ካለቀ በኋላ የተረፈ ባዶ ቦታ ይፈለግና አግዳሚ ወንበር ይቀመጥበታል። ወንበሩ ላይ ግን ማንም ብዙ አይቆይም። ፀሐይ ያገኘዋል፣ ከጀርባው ሰው ይመላለሳል፣ ግቢው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ ይወድቃል። የጃፓን ባለሙያዎች ለዘመናት የሠሩት በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስናሉ፤ ድንጋዩም፣ ዛፉም፣ ውሃውም ከዚያ እየታየ ቦታ ቦታውን ይይዛል። በጉዳዩ ላይ የሚነገሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ነው።

«የጃፓን የአትክልት ስፍራ መቀመጫ የለውም»

ፎቶ ብቻ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ኪዮቶ ከተማ የሚገኘውን የሪዮአንጂ ቤተ መቅደስ የድንጋይ ሜዳ በሚያሳዩ ፎቶዎች ላይ ጠጠርና ድንጋይ እንጂ ወንበር አይታይም። መቀመጫው ያለው ከካሜራው በኩል ነው፤ ፎቶ አንሺው ራሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሜዳው 25 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ ሲሆን 15 ድንጋዮች በ5 ቦታ ተቧድነው ቆመውበታል። በአንዱ ጎኑ የቤተ መቅደሱ አለቃ መኖሪያ የነበረው ቤት የእንጨት በረንዳ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ይገባና በረንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የትኛውም ቦታ ላይ ቢቀመጥ ከ15ቱ ድንጋዮች ቢያንስ አንዱ ይሰወረዋል። ትንሽ ጠጋ ሲል የተሰወረው ብቅ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ይደበቃል። ይህ የድንጋዮቹ ጨዋታ ያለው ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ዓይን ነው፤ ከላይ በድሮን ለተነሣ ፎቶ ምንም የሚደበቅ ነገር የለም።

ኤንጋዋ የሚባለው ይህ በረንዳ የድሮ የጃፓን ቤት ዋና መቀመጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመሬት ከፍ ይላል፣ ግድግዳ የለውም፣ የቤቱ ጣሪያ አልፎት ይዘረጋል። ከሥሩ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ወደ ግቢው የሚወርድ ሰው ጫማውን የሚያጠልቀው፣ የሚመለስም የሚያወልቀው እዚያ ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ ከጁን እስከ ጁላይ አጋማሽ የሚዘልቅ የዝናብ ወቅት አለ፤ በዚያን ጊዜም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዝናቡን ማየት ይቻላል። ክረምቱን ለምናውቀው ለእኛ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ጣሪያ የሌለው መቀመጫ የዓመቱን ሩብ ያህል ሥራ ፈትቶ ይከርማል።

ልማዱ ደግሞ የቆየ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ታቺባና ኖ ቶሺትሱና ለተባለ ባላባት የሚሰጠው ሳኩቴይኪ የተባለው መጽሐፍ ስለ ድንጋይ አተካከልና ስለ ውሃ አካሄድ ያስተምራል። የሚናገርለት ኩሬና ሜዳ ከዋናው አዳራሽ በስተ ደቡብ የተዘረጋ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የሚያዩት ነው።

«መነኮሳቱ ጠጠሩ ዳር ቁጭ ብለው ይመሰጣሉ»

ይህ ምናልባት ከሁሉም የበለጠ የተሰራጨው አባባል ነው። የዜን ቡድሂዝም መነኮሳት ዋናው ተመስጦ ግን የሚካሄደው ለዚሁ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሶቶ ወገን የሆኑት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ፤ የሪንዛይ ወገን የሆኑት ደግሞ ወደ አዳራሹ መሐል። በሪንዛይ ገዳማት ሌሊት ወደ ውጭ ወጥቶ በረንዳ ላይ መቀመጥ የተለመደ ቢሆንም የጠጠር ሜዳ የተመስጦ መሣሪያ ነው ማለት ግን አይደለም። መነኩሴው ከጠጠሩ ጋር የሚገናኘው በሥራ ነው፤ ቅጠሉን ይለቅማል፣ ጥርስ ባለው የእንጨት መቧጠጫ መስመሩን እንደገና ያወጣል። የጉልበት ሥራው እንደ መቀመጡ ሁሉ የሥርዓቱ አካል ነው።

ስለዚህ ጠጠር አስጭኖ መሐሉ ላይ ትራስ መጣል ለሁለቱም አይበጅም። ጠጠሩ ይረገጣል፣ መስመሩ ይጠፋል፤ የተቀመጠውም ሰው አራቱም ጎኑ ክፍት ስለሚሆን ሰውነቱ አያርፍም። መቀመጫ ዳር ላይ ይሁን፣ ጀርባውም ግድግዳ ወይም አጥር ያግኝ።

«ጥሩ መቀመጫ ሁሉንም የሚያሳይ ነው»

በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ የተነሣ ነው። ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ መቀመጫ ለአንድ ደቂቃ ያስደንቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለግ ነገር አይኖርም።

ኪዮቶ ዳርቻ የሚገኘውን የካትሱራ ቤተ መንግሥት እንመልከት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልዑል ቶሺሂቶ ጀመረው፣ ልጁ ቶሺታዳ አስፋፋው። መሐሉ ላይ ትልቅ ኩሬ አለ፤ ነገር ግን ወደ ኩሬው የሚወስደው አንዱ አጭር መንገድ ጫፍ ላይ አንዲት የጥድ ዛፍ ቆማ ውሃውን ትጋርዳለች። ወደ ሾኪንቴይ የሻይ ቤት የሚሄድ እንግዳ መጀመሪያ የሚቆየው በሳር ክዳን ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ነው። ከዚያ አግዳሚ ፊት ለፊት የሚታየው ኩሬው አይደለም፤ ዘንባባ የሚመስሉ የሳይካድ ተክሎች የተተከሉበት ጉብታ ነው። እንግዳው ውሃ ቅርብ እንዳለ ያውቃል፤ አያየውም። ተነሥቶ መንገዱን ሲቀጥል ነው ኩሬው የሚገለጥለት። ግርማው የሚጨምረው ስለዘገየ ነው።

እዚያው ካትሱራ ውስጥ ኮረብታ ላይ ማንጂቴይ የምትባል ትንሽ ማረፊያ አለች። አራት አግዳሚዎች አሏት፤ አቀማመጣቸው ግን እያንዳንዱ በየራሱ አቅጣጫ የዞረ በመሆኑ ማንም ሰው ከሌላው ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም። አንድ ጣሪያ ሥር አብሮ መሆን አለ፤ ጨዋታ የማስያዝ ግዴታ ግን የለም። እኛ መቀመጫ ስናዘጋጅ ወንበሮችን ክብ አድርገን ጠረጴዛ መሐል እናስገባለን፤ ለጨዋታ ጥሩ ነው። ለዕረፍት ከሆነ ግን ሁለት ወንበሮችን ጎን ለጎን ወይም በትንሹ አዛንፎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያኔ ዝምታ አያሳፍርም።

የሻይ ሥነ ሥርዓት ታላቁ መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ (እ.ኤ.አ. 1522–1591) በሳካይ ከተማ ስላሠራው ግቢ የሚተረክ ታሪክ አለ። ቦታው ባሕር ያሳይ ነበር፤ እርሱ ግን ቁጥቋጦ አስተክሎ ባሕሩን ጋረደው ይባላል። እንግዳው እጁን ለመታጠብ ወደ ድንጋይ ገንዳው ሲያጎነብስ ብቻ በቅጠሉ መካከል የባሕሩ ብልጭታ ይታየው ነበር። በእጁ ላይ ያለው ውሃና ሩቅ ያለው ውሃ በአንድ ቅጽበት ይገናኙለታል።

በሻይ ግቢዎች ውስጥ ያለው የመጠበቂያ አግዳሚ ራሱ ጠጋ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። ሦስት ጎኑ ተከልሎ በፊት ብቻ የተከፈተ ትንሽ ዳስ ነው። አግዳሚው ጠባብ ነው፤ ላዩ ላይ ክብ የሳር ምንጣፎች ይደረደራሉ። እግር የሚያርፍበት መሬት ላይ ድንጋይ ተነጥፏል፤ የዋናው እንግዳ ድንጋይ ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ይቆማል፤ ስለዚህ ማንም ሳይናገር ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። እንግዶቹ የሚመጣላቸውን አስተናጋጅ ይጠብቃሉ። እርሱም ሲመጣ ቃል አይናገርም፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣቸውና ይመለሳል። ረጅም በሆነ የሻይ ግብዣ ላይ ምግብ ከተበላ በኋላ ወደዚያው አግዳሚ ይወጣሉ፤ ሻዩ እስኪሰናዳ እንደገና ይጠብቃሉ። መቀመጫው የተሠራው ለመጠበቅ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ የሚታይ ነገር የማያስፈልገው።

«ጸጥታ ማለት ድምፅ አለመኖር ነው»

ኪዮቶ ውስጥ ሺሴንዶ የተባለ ቤት አለ፤ ከሳሙራይነት የተሰናበተው ኢሺካዋ ጆዛን እ.ኤ.አ. በ1641 ያሠራው ነው። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የተከረከሙ ቁጥቋጦዎችንና አሸዋን ያያል፤ በየጥቂቱ ደግሞ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የቀርከሃ ነው። በመሐሉ እንዲወዛወዝ የተሰቀለ የቀርከሃ ግንድ ክፍት ጫፉ ውስጥ ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ሲሞላ ያዘነብላል፣ ውሃውን ይደፋል፣ ቀሎት ሲመለስ ሌላው ጫፉ ድንጋይ ይመታል። ገበሬዎች አጋዘንና የዱር አሳማ ከእርሻቸው ለማባረር ይጠቀሙበት የነበረ መሣሪያ ነው። በተቀመጠ ሰው ጆሮ ግን ድምፁ ካለፈ በኋላ ያለው ጸጥታ ጎልቶ ይሰማል። ኦካያማ በሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1700 በተጠናቀቀው ኮራኩኤን ደግሞ ሪዩቴን የምትባለዋ ግድግዳ አልባ ማረፊያ መሐል ለመሐል የውሃ ቦይ ያልፍባታል፤ ሰዎች ወለሏ ላይ ተቀምጠው ውሃው በመካከላቸው ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1945 ከተማዋ በቦምብ ስትመታ ከተረፉት የአትክልት ስፍራው ጥቂት ሕንፃዎች አንዷ ናት።

ለእኛ ግቢ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ የመንገድ ጫጫታን ማጥፋት ካልተቻለ ቀጭን የውሃ ድምፅ ለመቀመጫው ማቅረብ ይረዳል። ቅርብ ያለ ድምፅ ሩቅ ያለውን ይሸፍነዋል።

«ቀለም የተከለከለ ነው»

አይደለም። በመናፈሻዎችና በቤተ መቅደስ ደጃፍ ባሉ ሻይ ቤቶች ሰፊዎቹ ዝቅተኛ አግዳሚዎች ደማቅ ቀይ ምንጣፍ ይለብሳሉ፤ ብዙ ጊዜም ትልቅ ቀይ ጃንጥላ ይተከልባቸዋል። በአረንጓዴ መካከል አንድ ቀይ ነገር ዓይንን ወደ መቀመጫው ይጠራል። ሁለተኛና ሦስተኛ ቀይ ሲጨመር ግን ጥሪው ይደበዝዛል።

«ወንበሩ ከፍ ያለና ባለ መደገፊያ ካልሆነ አይመችም»

የተለመደው የመናፈሻ ወንበር ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ግን ከተቀመጠበት ከ80 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ የጃፓን ግቢዎች ድንጋይና ቁጥቋጦ የተመጠነው በዚህ ከፍታ ነው። ጉልበት የደረሰው አለት ከዚያ ሲታይ ተራራ ይሆናል። ቆሞ ያየው ሰው ግን «ይኼ ነው እንዴ?» ይላል። እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን መቀመጫ ድሮም አለ፤ ቡና የሚፈላበት በርጩማ ከፍታው ልክ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንቶች ግን መደበኛ ወንበር ከጎኑ ይኑር፤ ዝቅ ብሎ የመቀመጥ ጥቅም ሰውን ማሠቃያ መሆን የለበትም።

«ሰፊ መሬት ያስፈልጋል»

በኪዮቶ የድሮ የነጋዴ ቤቶች ውስጥ በክፍሎች መካከል የምትቀር ቱቦኒዋ የምትባል ግቢ አለች። ስሟ ከቱቦ ጋር ይያያዛል፤ አንድ ቱቦ 3.3 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ የመሬት መለኪያ ነው፤ ብዙዎቹም ከዚያ ጥቂት ብቻ ይሰፋሉ። አንድ ፋኖስ፣ አንድ የውሃ ገንዳ፣ ጥላ የሚወድ ተክል ይበቃታል። ብርሃንና ነፋስ ወደ ቤቱ ታስገባለች፤ የሚገባባት የለም፣ ከክፍሉ ወለል ተቀምጠው ያዩአታል። በሺማኔ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው የአዳቺ የሥዕል ሙዚየም ግቢ እጅግ ሰፊ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጎብኚ የሚያየው ከውስጥ፣ በመስኮት ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ሁለት ሜትር በረንዳ ካለው፣ ከውስጥ በሩ አጠገብ መቀመጫውን አድርጎ በረንዳውን ለተክሉና ለድንጋዩ ሊተው ይችላል።

ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ምንም ከመግዛቱ በፊት በርጩማውን ይዞ ይዙር። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ በተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ ጀርባው የት እንደሚያርፍ፣ ፀሐይ መቼ ፊቱን እንደሚመታው፣ የጎረቤት መስኮት የት እንደሚያየው፣ ሩቅ ያለ ኮረብታ ወይም ትልቅ ዛፍ ከየት በኩል እንደሚታይ ያስተውል። ቦታው ሲገኝ አንድ ሰው ድንጋዩ በሚቆምበት ቦታ ካርቶን ይዞ እንዲቆም፣ የተቀመጠውም «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ» እያለ እንዲያስተካክል ያድርግ። ድንጋይ የሚያመጣው አይሱዙ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።