የብቅል ኃይልና የስታርች ቅንጣት

ከካምፓላ መካከል በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በሙቱንጎ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው የቪክቶሪያን ሐይቅ ቁልቁል ይመለከታል። ከኮረብታው በታች፣ በፖርት ቤል ወደብ አጠገብ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኡጋንዳ ቢራ ፋብሪካ ይገኛል። የአገሩ ሰው ደግሞ ከፋብሪካው ቢራ ሌላ፣ ከዳጉሳ የሚጠመቀውን ማልዋ የተባለ መጠጥ አንድ ማሰሮ ከቦ በረዣዥም መቃ እየሳበ ይጠጣል። ፋብሪካውና የማልዋ ጠማቂዋ በመሣሪያ ቢለያዩም ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የእህልን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ነው። የጠመቃ እርሾ የሚመገበው ስኳርን እንጂ ስታርችን አይደለምና።

ስታርች በእህል ውስጥ የሚገኘው ጥቃቅን ቅንጣት ሆኖ ነው። የገብስ ትልልቁ ቅንጣት ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር 1/50ኛ ያህል ሲሆን፣ ውስጡ እንደ ሽንኩርት በንብርብር የታመቀ ነው። በቀዝቃዛ ውሃም አይሟሟም። ይህን ቅንጣት የሚያፈርሰው እህል ሲበቅል የሚያመነጨው ኢንዛይም ነው። ፓያንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በ1833 እ.ኤ.አ. ይህን ኃይል ከገብስ ብቅል አውጥተው ዲያስታዝ ብለው ሰይመውታል።

ይሁን እንጂ ኢንዛይሙ ስታርቹን ከመቁረጡ በፊት አጥብቆ መያዝ አለበት። አጫጅ በግራ እጁ ዛላውን ጨብጦ በቀኝ እጁ በማጭድ እንደሚቆርጥ፣ የገብስ አልፋ አሚላዝ የተባለውም ኢንዛይም ከመቁረጫው ስፍራ ሌላ በገላው ላይ ሁለት የመያዣ ስፍራዎች አሉት። አስፐርጊለስ ኒገር የተባለው ሻጋታ በሚያመነጨው ኢንዛይም ላይ ደግሞ መያዣው ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ከመቁረጫው ጋር በረዥም ክር ተያይዟል። ይህ ክፍል ሲወገድ ኢንዛይሙ የሟሟውን ስታርች መቁረጡን አይተውም፤ በጥሬው ቅንጣት ላይ ግን አብዛኛውን ኃይሉን ያጣል።

ቅንጣቱ በውሃና በእሳት ሲያብጥ ንብርብሩ ይላላል፤ ኢንዛይሙም የሚጨብጠውና የሚቆርጠው ስፍራ ይበዛለታል። የማልዋ ጠማቂ የቦካውን የዳጉሳ ሊጥ በሰፊ ምጣድ ላይ ካመሰች በኋላ የዳጉሳ ብቅል የምትጨምርበት፣ የአገራችንም ባለሙያ እመቤት ለጠላ እንኩሮ አብስላ ከብቅል ጋር የምታዋሕድበት ምክንያት ይኸው ነው። ብቅሉ ከእሳቱ በኋላ መግባቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኢንዛይም በብርቱ ሙቀት ይሞታልና። የገብስ ስታርች በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያብጥ፣ የማሽላ ግን ወደ 70 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ማሽላው ለብቻው ተቀቅሎ ከበረደ በኋላ ብቅል ቢጨመርበት ይሻላል።

የዘሩም ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። ከቀይና ከቡናማ ማሽላ አንዳንዱ ታኒን የተባለ አፍን የሚያኮማትር ነገር አለበት። ወፍ ስለማይደፍረው ገበሬ ይወደዋል፤ ነገር ግን ታኒኑ ኢንዛይሙን ይዞ ያስረዋል፤ ሊይዝ የመጣው ይያዛል ማለት ነው። በኡጋንዳ ኤፑሪፑር የተባለው ነጭ ማሽላ ይህ ጉድለት ስለሌለበት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኢግል የተባለው ቢራ ከእርሱ ተጠምቋል፤ ለማሽላ ገበሬዎችም አዲስ ገበያ ተከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ ገበሬው የሚያገኘው ትምህርት አለ። ያልበቀለ ገብስ ኢንዛይሙ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካም ሆነ ለጎረቤት ጠማቂ የሚሸጥ ገብስ ሕይወት ያለው መሆን አለበት። በውቂያ ጊዜ ፅንሱ የተቀጠቀጠ፣ ወይም እርጥብ ሳለ በጎተራ ተከቶ የሞቀ ገብስ ለዓይን ያማረ ቢመስልም ብቅል አይሆንም። ስለዚህ አምራቹ ከመሸጡ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደበቀለ ይመልከት። ብቅል አብቃይዋም በብርቱ እሳት ከማድረቅ ይልቅ በፀሐይና በነፋስ ታድርቀው። እንዲህ ከተደረገ የገበሬው ድካም በጋን ግርጌ አተላ ሆኖ አይቀርም።